ሳምፕሉ እምቢ ሲል፦ የጃቫ ማሳያ ፕሮግራሞች ለምን ይበላሻሉ፣ እንዴትስ ይጠገናሉ?

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። በሩ ተንኳኳ። የጎረቤቴ ልጅ ናት። ላፕቶፗን ሳትዘጋው ታቅፋ፣ ቻርጀሩን አንገቷ ላይ ጠምጥማ መጥታለች።

«ጋሼ፣ እምቢ አለኝ። ምንም አልነካሁም እኮ! እንዳለ አውርጄ ነው ያስነሳሁት።»

አለመንካቷን አምናታለሁ። የጃቫ ሳምፕል፣ ማለትም በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ማሳያ ፕሮግራም፣ ሳይነካም ይበላሻል። ኮዱ ባለበት ቁጭ ብሎ ዙሪያው ይለወጣል፤ ጃቫው፣ ላይብረሪው (ሌሎች የጻፉት፣ ፕሮግራሙ የሚዋሰው ኮድ)፣ ላይብረሪው የሚወርድበት ሰርቨር። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ብልሽት ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራቸው። ኮምፒውተር ላይ ሁለቱን አቆጣጠር ማደባለቅ ምን እንደሚያመጣ ወደ ታች ስትወርዱ ታያላችሁ።

ሳምፕል ሲባል

ክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ማለት ኮዱን ማንም እንዲያየው፣ እንዲያወርደውና እንዲያሻሽለው በፈቃድ የለቀቀ ፕሮጀክት ነው። ጃቫ ራሱ በ1995 ሰን ማይክሮሲስተምስ ከሚባል ኩባንያ ወጣ። ከ2006 ጀምሮ ኮዱ በክፍት ምንጭነት ይለቀቅ ጀመር። በ2010 ኦራክል ሰንን ሲገዛ ጃቫም አብሮ ሄደ።

በጃቫ የተሠሩ ትልልቅ ፕሮጀክቶች አብዛኞቹ «ኤግዛምፕልስ» ወይም «ሳምፕልስ» የሚል ፎልደር አላቸው። ውስጡ ያሉት ትንንሽ ግን ሙሉ ፕሮግራሞች ናቸው። ከሁሉ የሚታወቀው ስፕሪንግ የሚባለው የጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ ሳምፕል፣ ፔትክሊኒክ ነው። የእንስሳት ክሊኒክ ነው፤ ባለቤቶች አሉ፣ ውሾችና ድመቶች አሉ፣ ቀጠሮ አለ። ስፕሪንግ የተማረ ሰው ያንን ክሊኒክ ሳይረግጥ አያልፍም። ሲስተሞችን እርስ በርስ የሚያገናኘው አፓቼ ካሜል ደግሞ ሳምፕሎቹን ከዋናው ኮድ ለይቶ በራሳቸው ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) አስቀምጧቸዋል።

እንግዳ ሰው ፕሮጀክቱን የሚተዋወቀው በሳምፕሉ ነው። ግን ከሁሉ ያነሰ እንክብካቤ የሚደርሰውም እሱ ነው። ዋናው ኮድ በተለወጠ ቁጥር ማሽን ይፈትነዋል። ሳምፕሉን ብዙ ጊዜ የሚያስነሳው የለም፤ የጻፈውም ሰው ወደ ሌላ ሥራ ከሄደ ቆይቷል።

ከሥር ወደ ላይ ማንበብ

ጃቫ ሲበላሽ ወሬ ያበዛል። ሰማንያ፣ መቶ መስመር ይዘረግፋል። ስታክ ትሬስ ይባላል። ጀማሪ የመጀመሪያውን መስመር ኮፒ አድርጎ ጉግል ላይ ይለጥፈዋል። እዚያ ላይ ያለው ግን በአብዛኛው «አልተሳካም» ከማለት አያልፍም። ጃቫ ውስጥ አንዱ ስህተት ሌላውን እየጠቀለለ ነው የሚመጣው። ነገሩ ያለው ታች፣ «ኮዝድ ባይ» ብሎ የሚጀምረው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። መጀመሪያ እዚያ ውረዱ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ውጡ።

ልጅቷ ላፕቶፕ ላይ ከሥር የነበረው መልእክት ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ይህ ኮድ የተዘጋጀው በክላስ ፋይል (ጃቫ በሚያነበው የኮድ ፋይል) ቨርዥን 61 ነው፤ እኔ የማነበው እስከ 52 ብቻ ነው። ቁጥሩ ምስጢር የለውም። 44 ቀንሱለት፣ የጃቫው ቨርዥን ይወጣል። 61 ጃቫ 17 ነው። 52 ጃቫ 8 ነው። 65 ካያችሁ ጃቫ 21 ነው።

«17 ጭኛለሁ እኮ!» አለች።

እውነቷን ነው። ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የጃቫን ቨርዥን ስትጠይቅ 17 ይላል። የማቨንን ቨርዥን ስትጠይቅ ግን ማቨን ራሱ የተነሳው በጃቫ 8 ነው። ማቨን ፕሮጀክቱን የሚገነባውና ላይብረሪዎቹን የሚያወርደው መሣሪያ ነው። የሚሰማው «ጃቫ ሆም» የሚባለውን ሴቲንግ ነው፤ ያ ደግሞ አምና ለሌላ ኮርስ የተጫነውን አሮጌ ጃቫ ይጠቁማል። አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ጃቫ። ሴቲንጉን አስተካከልነው።

ጃቫ ያመጣቸው ጣጣዎች

ብዙ አሮጌ ሳምፕል የሞተው በሦስት ለውጦች ነው። የመጀመሪያው በመስከረም 2018 የወጣው ጃቫ 11 ነው። ጃክስ ቢን የመሳሰሉ ከጃቫ ጋር አብረው ይመጡ የነበሩ ነገሮች ከዚያ ላይ ተነሱ። በጃቫ 8 ዘመን የተጻፈ ሳምፕል «ክላሱ የለም» ይላል። ሰውየው ኮዱን ያገላብጣል። ኮዱ ምንም አልሆነም፤ የጎደለውን እንደ ማንኛውም ላይብረሪ ፕሮጀክቱ ላይ መጨመር ብቻ ነው።

ሁለተኛው የስም ለውጥ ነው፣ እኔ ከሁሉ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ጃቫ ኢኢ የሚባለው የትልልቅ ሲስተሞች ክፍል ከኦራክል ወደ ኢክሊፕስ ፋውንዴሽን ሲዛወር «ጃቫ» የሚለው የንግድ ስም አብሮ አልተሰጠውም። ስለዚህ በ2020 መጨረሻ የወጣው ጃካርታ ኢኢ 9 «ጃቫክስ» እያሉ ይጀምሩ የነበሩ ስሞችን ወደ «ጃካርታ» ቀየራቸው። ሥራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስሙ ነው። የጃቫ ድረ ገጾችን የሚያስተናግደው ሰርቨር፣ ቶምካት፣ በ10ኛ ቨርዥኑ አዲሱን ስም ይዞ መጣ፤ በኅዳር 2022 የወጣው ስፕሪንግ ቡት 3ም እንዲሁ፣ ያውም ጃቫ 17 ካልተሰጠኝ እያለ። የድሮ ሳምፕል ቶምካት 10 ላይ ስትጭኑት አንዳንዴ ምንም ስህተት ሳያሳይ ይነሳና ገጹ 404፣ ማለትም «አልተገኘም»፣ ይላል። ይህንን ሳያውቅ አንድ ሙሉ ቀን ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ። መስታወት ውስጥ ነው የማየው።

ሦስተኛው ጃቫ 16 እና 17 ናቸው። ላይብረሪዎች ከዚያ በፊት የጃቫን ውስጣዊ ክፍል በጓሮ በር እየገቡ ይነካኩ ነበር። በሩ ተዘጋ። ሎምቦክ የሚባለውን ላይብረሪ አሮጌ ቨርዥን የያዘ ሳምፕል በጃቫ 17 አልገነባም ካለ ምክንያቱን ከዚህ ፈልጉ፤ አዲሱን ቨርዥን ስታስገቡለት ይነሳል።

ከከተማ ዳር ሆኖ ማውረድ

ጃቫው ሲስተካከል የልጅቷ ሳምፕል ሁለተኛ ስህተት አወጣ። «ዚፕ ኤንድ ሄደር» አልተገኘም።

ይህንን የፕሮጀክቶቹ መመሪያ ላይ አታገኙትም። መመሪያውን የጻፈው ሰው ኢንተርኔቱ አይቆራረጥም። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ቂሊንጦ ስትወጡ ነገሩ ሌላ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ሶፍትዌር የሚማር ልጅ ሞልቷል፤ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ያለው እዚያው ቂሊንጦ ነው። አብዛኛው የሚያወርደው ከስልኩ ሆትስፖት ከፍቶ፣ በሌሊት ፓኬጅ ነው። ማቨን ደግሞ የመጀመሪያ ቀን አይጠግብም፤ ለአንዲት ትንሽ ሳምፕል በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎች ይጎትታል። መሃል ላይ መብራት ይሄዳል። የላፕቶፑ ባትሪ ድሮ ሞቷል።

ላይብረሪዎቹ የሚመጡት በጃር ፋይል ነው፤ ጃር ማለት ስሙን የቀየረ ዚፕ ነው። ዚፕ ማውጫውን የሚጽፈው መጨረሻው ላይ ነው። ፋይሉ ጎዶሎ ከቀረ ማውጫ የለውም፣ ጃቫም «ሄደሩ የለም» ይላል። የመልእክቱ ትርጉም ይኸው ነው።

ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ምክር «ነጥብ ኤም 2» የሚባለውን የማቨን ማከማቻ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ነው። አታድርጉት! ያ ፋይበር ላለው ሰው የተሰጠ ምክር ነው። ስህተቱ ውስጥ የተበላሸው ጃር ስም ከነቦታው ተጽፏል። የእሱን ፎልደር ብቻ አጥፍታችሁ ድጋሚ አስነሱት፤ የሚወርደው የጎደለው ብቻ ነው። ማቨን አንዴ ፈልጎ ያጣውን ነገር ደግሞ «የለም» ብሎ ይመዘግባል፤ ኔትወርኩ ቢመለስም ቶሎ አይሞክርም። ትልቁን «ዩ» ትእዛዙ ላይ ስትጨምሩለት መዝገቡን ትቶ ይፈልጋል።

ኔትወርክ ባለበት ሰዓት «ጎ ኦፍላይን» የሚባለውን ትእዛዝ ማስኬድ ብዙ ያግዛል። ፕሮጀክቱ የሚፈልገውን አስቀድሞ ይሰበስባል፤ ከዚያ በኋላ ማቨንን ያለ ኢንተርኔት ማሠራት ይቻላል። አንዳንዴ አንዲት ነገር ይረሳል፣ ስለዚህ አንዴ እዚያው ኔትወርክ ባለበት አስነስታችሁ እዩት።

አንዳንዴ ኔትወርኩም ሙሉ ሆኖ አይወርድም። ማቨን ላይብረሪዎቹን የሚያወርድበት ዋናው ሰርቨር፣ ማቨን ሴንትራል፣ ከጥር 2020 ወዲህ ያለ ኤችቲቲፒኤስ አያስተናግድም፤ 501 ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በፊት የተጻፈ ሳምፕል አድራሻው ላይ አንዲት «ኤስ» ልትጎድለው ትችላለች። እንደ ማቨን ያለ ሌላ መሣሪያ በሆነው በግሬድል የተሠሩት ደግሞ ብዙዎቹ ጄሴንተር የሚባል ሌላ ሰርቨር ይጠሩ ነበር፤ እሱ እንደሚዘጋ በ2021 ተነገረ።

ሰዓቱ፣ ዓመቱ፣ ሽሮው

አንድ ጎረቤቴ የላፕቶፑ የሰዓት ባትሪ አልቆ ቀኑ ይጠፋበት ነበር። ራሱ ሞላው፤ ዓመቱን 2016 አለው። በእኛ 2016 ነበርና! ከዚያ ወዲህ ማቨን አንድም ነገር አላወርድም አለ። የሰርቨሩ ሰርተፍኬት ለዚያ ኮምፒውተር ገና ያልጸና፣ ወደፊት የሚሰጥ ወረቀት ነው። ጃቫም «ኖት የት ቫሊድ» እያለ ደጋግሞ ነግሮት ነበር። ሰውየው ግን ሲጣላ የሰነበተው ከፋየርዎል ጋር ነው።

ሰዓትም የራሱ ጣጣ አለው። ሎጉ (ፕሮግራሙ የሆነውን የሚመዘግብበት ፋይል) በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተጻፈ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሆነው ነገር 6፡00 ይላል። ስልካችሁ 9፡00 ይላል። ሁሉም ያው ደቂቃ ነው።

የልጅቷ ሳምፕል የሱቅ ዕቃ መመዝገቢያ ነው። በመጨረሻ ሲነሳ ደስ ብሏት የዳታ ፋይሉ ላይ «ሽሮ» ብላ ጨመረች። ገጹ ላይ የመጣው ስድስት ባዕድ ምልክት ነው። ሁለት ፊደል እንዴት ስድስት ይሆናል? ዩቲኤፍ 8 ኢንኮዲንግ ነው፣ ማለትም ፊደልን በቁጥር (በባይት) የማስቀመጫ ደንብ፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በእሱ ሦስት ባይት ይይዛል። ዊንዶውስ ላይ ያለ ጃቫ 17 ፋይሉን የሚያነበው በዊንዶውስ የቆየ ኢንኮዲንግ ስለሆነ እያንዳንዷን ባይት እንደ አንድ ፊደል ቆጠራት። በመጋቢት 2022 ከወጣው ጃቫ 18 ጀምሮ ሳይነገረው ዩቲኤፍ 8 ይጠቀማል። እስከዚያ ግን ሴቲንጉ ላይ መጻፍ ግድ ነው። ጻፍነው፣ ሽሮው ተመለሰ። ጥቁሩ የተርሚናል መስኮት ግን አሁንም የጥያቄ ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ እሱ የራሱ ኢንኮዲንግና የራሱ ፎንት አለው።

የቀሩት

8080 ፖርት (ፕሮግራሙ ጥያቄ የሚቀበልበት የበር ቁጥር) ተይዟል ካለ፣ ብዙ ጊዜ ትናንት ያልዘጋችሁት ያው ሳምፕል ነው። ፋይል አላገኘሁም ካለ ከየትኛው ፎልደር እንዳስነሳችሁት እዩ።

አንዱን ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ፕሮጀክቶች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሀብ ላይ ስትገቡ ፊት ለፊት የሚታየው ብዙ ጊዜ ገና ያልወጣው ቨርዥን ኮድ ነው። እዚያ ያለው ሳምፕል «ስናፕሾት» የሚል፣ በሥራ ላይ ያለ ቨርዥን ሊጠይቅ ይችላል፤ ያ ደግሞ ማቨን ሴንትራል ላይ የለም። ሰው ዚፑን አውርዶ «የለም» ሲባል ፕሮጀክቱ የሞተ ይመስለዋል። የወጣውን ቨርዥን ታግ (ምልክት) መርጣችሁ የዚያን ሳምፕል ውሰዱ። ሳምፕሉ ከጎኑ ያሉትን ሞጁሎች (የፕሮጀክቱን ሌሎች ክፍሎች) የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ከራሱ ፎልደር ሳይሆን ከፕሮጀክቱ ሥር ጀምራችሁ ገንቡት።

እውነትም የተሰበረው ሳምፕሉ ከሆነ ለባለቤቶቹ መንገር ነው። የጃቫ ቨርዥን፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዓይነት፣ የሰጣችሁት ትእዛዝ፣ ስታክ ትሬሱ ሙሉውን። በስልክ የተነሳ የስክሪን ፎቶ አትላኩ፤ ከፎቶ ላይ ኮፒ አድርጎ መፈለግ ከባድ ነው።

ልጅቷ ቡናው ሳይደርስ የሳምፕሉን መመሪያ እንደገና ከፍታ ታነብ ነበር። «ጋሼ፣ ይዩት እስቲ። ጃቫ 8 ወይም ከዚያ በላይ ይላል እኮ።» ይላል፤ ኮዱ ግን 17 ይጠይቃል። ቁጥሩን ቀይራ ላከችላቸው፤ የአንድ መስመር ማስተካከያ። ላኪ የሚለውን ስትጫን ባትሪው 9 በመቶ ነበር። መብራት ገና አልመጣም።