ጫጩት ስንገዛ የዘሩ ስም ምን ይነግረናል?

ከአዲስ አበባ በቃሊቲ ወጥቶ ገላንን፣ ዱከምንና ቢሾፍቱን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ዶሮ ያለበት ግቢ አያጣም። ቢሾፍቱ ጫጩት ማስፈልፈያ፣ የግብርና ምርምር ማዕከልና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት። ሻጩ ታዲያ ካርቶኑን ከፈት አድርጎ «ቦቫንስ ነው»፣ «ሳሶ ነው»፣ «ኮኮክ ነው» ይላል። ሦስቱ ስሞች አንድ ዓይነት ነገር አይናገሩም።

ቦቫንስ ብራውን እንቁላል ጣይ ናት። በደንብ ከተያዘች በዓመት 300 ገደማ ትጥላለች፤ የሀበሻዋ ከ40 እስከ 60 ነው። ግን በትክክል ካየነው ቦቫንስ ዘር ሳይሆን ታስቦበት የተሠራ ድብልቅ ነው። የእናት ወገኑ ነጭ ላባ የሚሰጥ ጂን ይይዛል፣ የአባት ወገኑ ቡናማውን። ጂኑ ያለው ጾታን በሚወስነው ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ እናት ነጩን የምታወርሰው ለወንዶቹ ብቻ ነው። ነጩ ደግሞ ያይላል። ስለዚህ ወንዱ ጫጩት ነጣ ብሎ፣ ሴቷ ቡናማ ሆና ትፈለፈላለች። ገና በመጀመሪያው ቀን በቀለም ይለያሉ።

ይህ የሚሠራው ለአንድ ትውልድ ብቻ ነው። የቦቫንስ እንቁላል አስታቅፎ እንደ እናቱ የሚሆን ጫጩት መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ቀለሙም ይቀላቀላል፣ ምርቱም ይወርዳል። እሷ ራሷም መታቀፍ አትወድም።

ሳሶም ድብልቅ ነው፤ ለሥጋም ለእንቁላልም ይሆናል። ችግሩ ወንዱም ሴቷም ቀላ ያሉ መሆናቸው ነው። እኔ አንዴ «የ45 ቀን ቦቫንስ ቄብ» ተብዬ አሥራ ሁለት ገዛሁ። ቡናማ ስለሆኑ ሴት ናቸው ብዬ አመንኩ። አራተኛው ወር ላይ ሦስቱ ከጎረቤት አውራ ጋር እየተቀባበሉ መጮህ ጀመሩ! ያኔ እግራቸው ወፍራም፣ አናታቸው ላይ ያለው ሥጋ ቶሎ የቀላ እንደነበር ትዝ አለኝ። ማየት የነበረብኝ ይህንን ነበር።

ኮኮክ ከደቡብ አፍሪካዋ ፖቸፍስትሩም የመጣ፣ ነጭና ጥቁር ሽርጥርጥ ያለው እውነተኛ ዘር ነው። ኮኮክ ከኮኮክ ኮኮክ ይወልዳል። ሽርጥርጡ ከወንዱ ላይ ነጣ ይላል፤ ጂኑን ወንዱ ሁለቴ፣ ሴቷ አንዴ ስለምትይዘው ነው። በራሱ ጫጩት ማስፈልፈል ለሚፈልግ ሰው እኔ የምመክረው ይህንን ነው።

ከሀበሻዎቹ ደግሞ አንገተ መላጣ አለ። ጂኑን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ከደረቱ በላይ ትንሽ የላባ ቁጥቋጦ ይቀርለታል፤ ከሁለቱም የወረሰው አንገቱ ልሙጥ ነው። ሁለት ባለ ቁጥቋጦዎች ቢዳቀሉ በአማካይ ከአራት ጫጩት አንዱ ልሙጥ፣ ሁለቱ ባለ ቁጥቋጦ፣ አንዱ አንገቱ የተሸፈነ ይሆናል። መላጣነቱ ለቆላ ሙቀት ይጠቅማል፣ ለሱሉልታ ብርድ ግን አይደለም። ለበዓል ገበያም ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ሰው ቀይ አውራ እያለ መላጣውን ማን ይወስዳል?

ከሁሉም ትንሽ የሚናገረው ስም «ክልስ» ነው። አባቱ ማን፣ እናቱ ማን፣ ስንተኛ ትውልድ የሚለውን ካልጨመሩበት ሻጩም ገዢውም እየገመቱ ነው። እኔ አሁን ከስሙ በፊት የምጠይቀው የት ተፈለፈለ፣ መቼ ተፈለፈለ፣ የፈንግል ክትባትስ ስንቴ ወሰደ የሚለውን ነው።