«አሻግሮ ምልክት መቀየር» ምንድን ነው?

በቴሌግራምና በቲክቶክ በሚዞሩ የሒሳብ ማብራሪያዎች አንድ አባባል እንደ ሕግ ይደጋገማል፦ «ቁጥሩ ከእኩል ምልክቱ ወዲያ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል።» ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ከዚህም አልፎ «አልጀብራ ማለት ባጭሩ ይኸው ነው» ብሎ ጻፈ። አይደለም። እንዲህ የሚባል የሒሳብ ሕግ የለም፤ ቁጥር ከየትም ተነሥቶ ወደ የትም አይሻገርም።

ያለው ሕግ አንድ ነው፦ እኩል በሆኑ ሁለት ነገሮች ላይ ያንኑ ሥራ ብንሠራባቸው እኩል እንደሆኑ ይቀጥላሉ። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ ጂኦሜትሪውን ሲጀምር ያለ ማረጋገጫ ከተቀበላቸው መነሻዎች ውስጥ ሁለቱ እነዚህ ነበሩ፦ በእኩሎች ላይ እኩል ቢጨመር ድምሮቹ እኩል ናቸው፤ ከእኩሎች ላይ እኩል ቢቀነስ ቀሪዎቹ እኩል ናቸው።

ያልታወቀውን ቁጥር ሀ ብለን ይህን እኩልዮሽ እንፍታ፦

5ሀ − 7 = 2ሀ + 11

በሁለቱም ጎን 7 እንጨምር። በግራ −7 እና +7 ይጣፋሉ፤ በቀኝ 11 የነበረው 18 ይሆናል፦ 5ሀ = 2ሀ + 18። ከሁለቱም ጎን 2ሀ እንቀንስ፦ 3ሀ = 18። ሁለቱንም ጎን ለ3 እናካፍል፦ ሀ = 6። መልሱን መነሻው ላይ ስንተካው ግራው 30 − 7 = 23፣ ቀኙም 12 + 11 = 23 ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርምጃዎች የሒሳብ ሊቁ አል-ኸዋሪዝሚ በ820 እ.ኤ.አ. ገደማ ባግዳድ ውስጥ ያለ አንድም ምልክት በቃላት ብቻ ገልጿቸዋል፦ ተቀናሹን በሁለቱም ወገን መሙላት፣ ከዚያም በሁለቱም ወገን ያለውን የጋራ ነገር ማንሣት።

አሁን መካከል ላይ የተሠራውን ሥራ ሸፍነን መነሻውንና 5ሀ = 2ሀ + 11 + 7 የሚለውን ብቻ እንይ። −7 ከግራ ጠፍቶ በቀኝ +7 ሆኖ ብቅ ያለ ይመስላል። «ተሻገረ» የሚባለው ይህ ነው። የታየው የሥራው ዱካ እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም።

ባለ ሁለት ሰሃን ሚዛን እናስብ። በግራ 12 ኪሎ፣ በቀኝም 12 ኪሎ አለ፤ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከግራ 5 ኪሎ አንሥተን ወደ ቀኝ ብናሻግር ግራው 7፣ ቀኙ 17 ይሆናል። ሚዛኑ በ10 ኪሎ፣ ማለትም ባሻገርነው እጥፍ ይዛነፋል። እንዳይዛነፍ ከፈለግን ከግራ 5 ስናነሣ ከቀኝም 5 ማንሣት አለብን። 3ሀ = 18 ላይም እንዲሁ ነው፦ በግራ ክብደታቸው እኩል የሆነ ሦስት ከረጢት፣ በቀኝ 18 ኪሎ ካለ፣ ከሁለቱም ሰሃን ሲሶውን ብቻ ስናስቀር አንዱ ከረጢት 6 ኪሎ መሆኑ ይታወቃል። ሚዛኑ ግን የሚያገለግለው እስከዚህ ድረስ ነው። ከዜሮ በታች የሆነ ክብደት ሰሃን ላይ አይቀመጥም፤ ስለዚህ −4ሀ የሚል ነገር ሲመጣ ምስሉን ትተን ወደ ሕጉ መመለስ አለብን። ሚዛንን እስከ መጨረሻው ይዘው የሚያስተምሩ ሰዎች ተማሪውን የሚያደናግሩት እዚህ ላይ ነው።

«መልሱ ትክክል እስከመጣ ድረስ ምን ቸገረህ?» ይላል ያው አስተያየት ሰጪ። የሚቸግረኝ አባባሉን አምኖ በትክክል የተከተለ ተማሪ የተሳሳተ መልስ ላይ መድረሱ ነው። −4ሀ = 20 እንውሰድ። ተማሪው «−4 ሲሻገር +4 ይሆናል» ብሎ 20ን ለ4 ያካፍልና ሀ = 5 ይላል። የተባለውን አንዲት ሳያዛንፍ ፈጽሟል። ነገር ግን −4 × 5 የሚሰጠው −20 ነው። እዚህ −4 ከሀ ጋር ተባዝቶ እንጂ ተደምሮ አልቆመም፤ የሚፈታው ሁለቱንም ጎን ለ−4 በማካፈል ነው፣ ሀ = −5። ሌላው ተማሪ ደግሞ 3ሀ = 18 ላይ ያንኑ ሕግ ይዞ ሀ = 18 − 3 = 15 ይላል። ሁለቱም ሰነፎች አይደሉም። መደመር በመቀነስ፣ ማባዛት በማካፈል እንደሚፈታ ሳይነገራቸው «ምልክት ቀይሩ» ብቻ ተብለዋል።

ክፍልፋይ ሲገባ ደግሞ ሌላ ስህተት ይመጣል። ሀ/2 + 3 = 7 ላይ ብዙዎች «2 ተሻግሮ ያባዛል» ብለው ሀ + 3 = 14 ይጽፋሉ፤ ሀ = 11 ይወጣቸዋል። ስህተቱ 2 ያባዛው ሀ/2ን ብቻ መሆኑ ነው። በ2 የሚባዛው ጎኑ በሙሉ ስለሆነ 3ም 6 ይሆናል፦ ሀ + 6 = 14፣ ሀ = 8። ወይም አስቀድሞ ከሁለቱም ጎን 3 መቀነስ፦ ሀ/2 = 4፣ ከዚያ በ2 ማባዛት። ለጀማሪ ሁለተኛውን መንገድ እመርጣለሁ፤ የሚረሳ ነገር የለውም።

ያለእኩልነት ላይ፣ ማለትም አንዱ ጎን ከሌላው ያንሳል ወይም ይበልጣል ሲባል፣ ጥንቃቄው ይብሳል። 2 ከ3 ያንሳል፤ ሁለቱን በ−1 ብናባዛቸው ግን −2 ከ−3 ይበልጣል። ስለዚህ 5 − 2ሀ < 11 ላይ 5 ቀንሰን −2ሀ < 6 ካልን በኋላ ለ−2 ስናካፍል «ያንሳል» የሚለው ምልክት ወደ «ይበልጣል» ይገለበጣል፦ ሀ > −3። መገልበጡን የሚረሳ ሰው 2ሀን በሁለቱም ጎን ጨምሮ 11ን ይቀንስ፦ −6 < 2ሀ፣ ስለዚህ −3 < ሀ። መልሱ ያው ነው፣ መገልበጥም አላስፈለገም።

«በሁለቱም ጎን ያንኑ መሥራት» የሚለውም ቢሆን ገደብ አለው። ሀ² = 5ሀን ለሀ ያካፈለ ሰው ሀ = 5 ብቻ ያገኛል፤ ሀ ዜሮ ሊሆን እንደሚችል ሳያስብ በዜሮ አካፍሎ አንዱን መልስ ጥሏል። 5ሀን ቀንሶ ሀ(ሀ − 5) = 0 ማለት ነበረበት፤ ሀ = 0 ወይም ሀ = 5። ተቃራኒው ደግሞ ሁለቱንም ጎን በራሱ ስናባዛ ይመጣል። √(ሀ + 6) = ሀ ሲሆን ሀ + 6 = ሀ² ይሰጣል፤ ከዚያም 3 እና −2 ይወጣሉ። −2ን መነሻው ላይ ብንተካ ግራው 2፣ ቀኙ −2 ይሆናል፤ ይጣላል። እንዲህ ባለ ጥያቄ መልስን መልሶ መተካት የአፈታቱ አካል ነው።

የእኩል ምልክቱም ራሱ ይበደላል። 3 + 4 = 7 × 2 = 14 ብሎ መጻፍ 7 እና 14 እኩል ናቸው ማለት ነው። የዌልሱ የሒሳብ ሊቅ ሮበርት ሬኮርድ በ1557 እ.ኤ.አ. ሁለት ትይዩ መስመሮችን ለዚህ ምልክት የመረጠው ከነሱ የበለጠ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች ሊኖሩ አይችሉም ብሎ ነበር። ምልክቱ «መልሱ ይቀጥላል» ማለት አይደለም።

ጂኦሜትሪ ውስጥ ሕጉ ያለ ማሻገር ሲሠራ ይታያል። የአንድ ሦስት ማዕዘን ሦስት ውስጣዊ ዘዌዎች ድምር 180 ዲግሪ ነው። አንዱ ጎን ሲራዘም የሚፈጠረው ውጫዊ ዘዌም ከአጠገቡ ካለው ውስጣዊ ዘዌ ጋር 180 ይሆናል። ሁለቱ ድምሮች እኩል ስለሆኑ ያን የጋራ ውስጣዊ ዘዌ ከሁለቱም እናንሣ፤ ቀሪው ውጫዊው ዘዌ ከሩቅ ካሉት ከሁለቱ ውስጣዊ ዘዌዎች ድምር ጋር እኩል ነው ይላል። ተማሪ በቃሉ የሚሸመድደው ቲዎረም በአንድ ቅነሳ ወጣ።

እንግዲህ ሩቆቹ ዘዌዎች 2ሀ + 15 እና ሀ + 25፣ ውጫዊው 5ሀ − 10 ቢሆኑና ዘዌዎቹ ስንት ስንት ዲግሪ ናቸው ብንባል፣ 3ሀ + 40 = 5ሀ − 10 ይሆናል። 10 ጨምረን 3ሀ ስንቀንስ 50 = 2ሀ ይወጣል። ሀ በቀኝ ስለቀረ መደናገጥ አያስፈልግም፤ እኩልነት ከየትኛውም ወገን ቢነበብ ያው ነው፤ ሀ = 25። ብዙ ወረቀት ግን እዚህ ላይ ቆሞ ነጥብ ያጣል፤ የተጠየቀው ሀ ሳይሆን ዘዌዎቹ ናቸው። መልሰን ስንተካ 65 እና 50፣ ውጫዊው 115፣ ከአጠገቡ ያለው ውስጣዊ ደግሞ 65 ዲግሪ ይሆናል፤ 65 + 50 + 65 = 180።