ታንከር የሚቀብርና የሚያወጣ ሰው ምን ወረቀት ይዞ ይምጣ?

መሃል አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ የሚቀመጠው ማደያ ሥር ብቻ አይደለም። የሜክሲኮን፣ የለገሃርንና የፒያሳን ማደያዎች ሁሉም ያውቃቸዋል። ሰንጋ ተራ ላይ የተደረደሩት የባንክ ሕንፃዎች፣ ትልልቆቹ ሆቴሎችና ሆስፒታሎች ግን መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጀነሬተር አላቸው። ጀነሬተር ካለ ናፍጣ አለ። ናፍጣ ካለ ታንከር አለ፤ አንዳንዴ ምድር ቤት፣ አንዳንዴ ግቢ ውስጥ። ታንከር ስል ነዳጅ የሚጠራቀምበትን ማለቴ ነው፤ ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣው መኪና ቦቴ ነው።

እነዚህን ታንከሮች የሚተክላቸው ሰው አለ። የሚያጥባቸው አለ። ሲያረጁ ቆፍሮ የሚያወጣቸውም አለ። ስለ ፈቃድ ስናወራ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ሰው እንዘለዋለን።

በኛ አገር ፈቃድ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የድርጅቱ ወረቀት ነው። የነዳጅ ዘርፉን በፌዴራል ደረጃ የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ቁፋሮውና ግንባታው የከተማውን የግንባታ ፈቃድ ይፈልጋል። የእሳቱ ጉዳይ የከተማዋን እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ይመለከታል፤ አደጋ ሲደርስ በ939 የሚጠራው እሱ ነው። ለአፈሩና ለውሃው ደግሞ ሁለት የ1995 ዓ.ም. አዋጆች አሉ፦ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር 300። ንግድ ፈቃድ፣ ግብር፣ የመሬት ይዞታ፣ እሱ የታወቀ ነው።

ይህ ሁሉ ወረቀት የድርጅቱና የቦታው ነው። ጉድጓድ ውስጥ የሚወርደው ልጅ የያዘው ምንድን ነው? በአብዛኛው ከቴክኒክና ሙያ ተመርቆ የተፈተነበት የብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ነው፦ በብየዳ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በመካኒክነት፣ ከደረጃ 1 እስከ 5። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስተምርና የመከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ እንዲህ ያለ አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራትም ክልክል ነው።

ጥሩ ነው። ግን በር መበየድ ሌላ ነው፤ ሃያ ዓመት ቤንዚን ሲጠጣ የኖረ ብረት መቁረጥ ሌላ ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሙሉ ታንከር ውስጥ ለአየር ብዙ ቦታ የለም። አደገኛው «ባዶ» የተባለው ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር 1.4 በመቶ ያህል ሲቀላቀል በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ትነቱ ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይሄድም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ታንከሩን ከመንካት በፊት የተረፈውን ነዳጅ መቅዳት፣ ዝቃጩን መጥረግ፣ ከዚያ ትነቱን ማስወጣት ግድ ነው። አንዱ የታወቀ ዘዴ ደረቅ በረዶ፣ ማለትም የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ መጨመር ነው፤ ለ1,000 ሊትር 1.8 ኪሎ ግራም ገደማ። 20,000 ሊትር ለሚይዝ ታንከር 36 ኪሎ ማለት ነው። በረዶው ወደ ጋዝ ሲለወጥ ኦክሲጅኑን ያባርረዋል፤ እሳት አይነሣም።

ወጥመዱም እዚሁ ላይ ነው። ኦክሲጅን ከሌለ እሳት ብቻ ሳይሆን ሰውም አይኖርም። ከ19.5 በመቶ በታች ኦክሲጅን ያለበት ቦታ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ አይገባበትም። ከፍንዳታ የዳነው ታንከር ለሚገባበት ሰው ገዳይ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚነግረው የጋዝ መለኪያ እንጂ አፍንጫ አይደለም፤ አፍንጫ ሽታውን ቶሎ ይለምደዋል።

አሜሪካኖች ይህን ሥራ ከሰውየው ጋር አስረውታል። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤታቸው የተቀበሩ ታንከሮችን ደንብ ያወጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ፈቃዱን የሚሰጡት ክፍላተ ግዛቶቹ ናቸው፤ አሠራራቸውም ይለያያል። ብዙዎቹ የሚቀበሉት የዓለም አቀፉ የኮድ ምክር ቤት (የግንባታና የደኅንነት ደንቦችን የሚያዘጋጅ ድርጅት ነው) ፈተና መትከልንና ከአገልግሎት ማስወጣትን ለየብቻ ይፈትናል። ሲኦሲ ያለው ሰው ይገባዋል፦ በአንዱ ማለፍ ለሌላው አያገለግልም። ምስክር ወረቀቱም በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። እኔን የሚማርከኝ ይህ መለየት ነው። የሚቀብርና የሚያወጣ አንድ ዓይነት ሙያተኛ ይመስላል፤ አይደለም።

የሚቀብረው የሚፈራው ሌላ ነገር ነው። አዲስ የብረት ታንከር ሳይቀበር በትንሽ የአየር ግፊት ይሞላል፤ ከ3 እስከ 5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)። ብየዳው ላይ የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ያፈስሳል። ነዳጅ የገባበትን ታንከር ግን በአየር መሙላት በፍጹም አይሞከርም። ከዚያ ክረምቱ አለ። ጉድጓዱ ውሃ ከሞላ፣ 20,000 ሊትር የሚይዝ ባዶ ታንከር 20 ቶን ያህል ውሃ ገፍቶ ሊንሳፈፍ ይፈልጋል፤ የራሱ ክብደት ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ካልታሰረ ወይም በቂ ኮንክሪት ካልተጫነበት አስፋልቱን ሰንጥቆ ይወጣል። መረሬ አፈር ባለበት ደግሞ መሬቱ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የቧንቧው መገጣጠሚያ የሚጎዳው ያኔ ነው። ከዚያ ያመለጠ ነዳጅ መንገዱ ወደ ታች ነው፤ የቀበና ወንዝም የባንትይቀጡ ወንዝም ውሃቸው የሚሄደው ወደ አቃቂ ነው። አቃቂ አካባቢ ደግሞ ከተማዋ የምትጠጣበት የጉድጓድ ውሃ አለ።

የሚያወጣው ሰው ሥራ ታንከሩ በክሬን መኪና ላይ ሲጫን አያልቅም። ሥሩ የነበረው አፈር ይመረመራል፤ የሸተተና ቀለሙ የተለወጠ ካለ ለብቻው ይነሣል። ብረቱ ወዴት እንደሚሄድም መታወቅ አለበት። መርካቶ ምናለሽ ተራ የወደቀ ብረት የለም፤ በርሜሉም ላሜራውም ተቆርጦ ምድጃና መጥበሻ ይሆናል። እዚያ ግራይንደር የያዘው ልጅ ታንከሩ ውስጥ ምን እንደነበር የሚያውቀው ያወጣው ሰው ከነገረው ብቻ ነው። ለዚህ ነው በደንብ የሠለጠነ ሰው ታንከሩን ከግቢ ከማስወጣቱ በፊት የሚበሳው፣ ጎኑ ላይ በትልቁ «ቤንዚን ነበረበት፣ ለምግብም ለውሃም አይሆንም» ብሎ በቀለም የሚጽፈውና መቼ እንደታጠበ፣ የጋዝ መለኪያው ስንት እንዳሳየ ጽፎ ስሙን የሚፈርምበት።