«ጋሼ፣ ፕሪሴቱን ይላኩልኝ»፦ የፎቶ ኤዲቲንግ ጀማሪዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቀን ቀን ፎቶ ቤት ውስጥ እንጀራዬን የምበላበትን ሥራ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ፎቶ ማሳመር የሚወዱ ሰዎች በሚሰባሰቡባቸው የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ለጀማሪዎች ያለ ክፍያ አስረዳለሁ፤ ባለቤቴ ምክንያቱን እስከ ዛሬ አልተረዳችልኝም። ከሚደርሱኝ መልእክቶች መካከል ሳምንት ሳያሳልፍ የሚመጣው ግን አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄ ፎቶ ከለሩ አሪፍ ነው፤ ፕሪሴቱን ይላኩልኝ።» ፕሪሴት ማለት በአንድ ጠቅታ ፎቶ ላይ የሚጫን ዝግጁ የቀለምና የብርሃን ማስተካከያ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይኸው ልመና ነው። ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ግን ቀለል ያሉትን ላንሣ።

«ፎቶሾፕ የሌለው ሰው ኤዲተር መሆን አይችልም» ይባላል። ጂምፕ በነፃ ይገኛል፣ ፎቶፒያ ምንም ሳይጫን በብራውዘር ይከፈታል፣ ስልክ ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ስናፕሲድ ለመጀመሪያው ዓመት ከበቂ በላይ ነው። ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየገለበጡ ኮምፒውተርን በቫይረስ ማስወረር የኤዲቲንግ ትምህርት አካል አይደለም።

«ኤዲት የተደረገ ፎቶ ውሸት ነው» የሚሉም አሉ። በፊልም ዘመን የነበሩ ፎቶ ቤቶች ኔጌቲቩን በእርሳስ እየነካኩ የደንበኛን ፊት ያለሰልሱ እንደነበር ቢያውቁ ኖሮ የአያቶቻቸውንም ፎቶ ከግድግዳ ባወረዱት ነበር።

«አማተር ምን ያስተምራል?» የሚለው ንቀት ትንሽ ያበሳጨኛል። ቶማስ ኖል እ.ኤ.አ. በ1987 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ የጻፈው ፕሮግራም ነው፣ ከወንድሙ ከጆን ጋር አሳድገውት፣ በ1990 አዶቤ የተባለው ኩባንያ «ፎቶሾፕ» ብሎ ለገበያ ያወጣው። የሁለቱ ወንድማማቾች አባት ደግሞ በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ የፎቶ ማጠቢያ ጨለማ ክፍል የነበረው፣ ፎቶን ለፍቅሩ ሲል ብቻ የሚሠራ ሰው ነበር። ጂምፕንም የጀመሩት የበርክሊ ተማሪዎች ናቸው። አማተር የሚሳሳትበት ቦታ እንዳለ አልክድም፤ ነገር ግን ገንዘብ ሳይጠብቅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ከርቭ (የፎቶን ብርሃንና ጨለማ ስለሚያስተካክለው መሣሪያ) የሚያስረዳህ እርሱ ብቻ ነው።

ወደ ፕሪሴቱ ልመለስ። ፕሪሴት ምትሃት ሳይሆን የቁጥሮች ዝርዝር ነው፤ አንድ ሰው ለአንድ ፎቶ፣ ለአንድ ብርሃን እና ለአንድ ዓይነት ቆዳ ብሎ ያስቀመጣቸው ቁጥሮች። የቀን ፀሐይ ብርሃን የቀለም ሙቀት (ብርሃኑ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማዘንበሉን የሚለካው ቁጥር) 5500 ኬልቪን አካባቢ ሲሆን የድሮው ቢጫ አምፖል ደግሞ 2700 አካባቢ ነው። የጥላ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ስለሚያዘነብል ኤዲተሩ ላይ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ፎቶውን ያሞቀዋል፤ ስለዚህ ጥላ ውስጥ በተነሣ ሮው ፎቶ (ካሜራው ሳይጨምቅ ባስቀመጠው ጥሬ ፋይል) ላይ የተዘጋጀና የቀለም ሙቀቱን 7000 ላይ የሚያስቀምጥ ፕሪሴት በአምፖል ብርሃን በተነሣ ፎቶ ላይ ሲደረግ፣ ሰውም ግድግዳም ብርቱካን መስሎ ይወጣል። ጥፋቱ የፕሪሴቱ አይደለም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት የእህቱን የመልስ ፎቶዎች ላከልኝ። ገንዘብ ከፍሎ በገዛው የፕሪሴት ጥቅል ተሠርተው ስለነበር የሙሽራዋ ፊትና የካባዋ የወርቅ ጥልፍ አንድ ቀለም ሆነዋል፤ የአክስቶቿም ነጠላ ሻይ የተደፋበት መስሏል። «ጋሼ፣ ይሄኛው ፎርጅድ ነው መሰለኝ፤ ደህናውን ይላኩልኝ» አለኝ። ምንም አልላክሁለትም። ያልተነካውን ፎቶ ክፈት፣ የዋይት ባላንስን (ነጩን ነጭ የማድረጊያውን) መምረጫ ያዝና ነጠላው ላይ፣ ብርሃን ያልበዛበትን ቦታ መርጠህ ተጫን አልሁት። ነጠላ ነጭ በመሆኑ የትኛውም የሰርግ ፎቶ ውስጥ በነፃ የተቀመጠ የቀለም መለኪያ ነው፤ ይህን ጥቅሙን የሚያስተውል ጀማሪ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ከሁለት ደቂቃ በኋላ የተስተካከለውን ፎቶ ልኮ «ይሄ ብቻ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ይሄ ብቻ አልነበረም፤ ግን ዋናው ይሄ ነበር።

ሌላው ጉዳይ ቆዳ ነው። በየቦታው ከሚዞሩት ፕሪሴቶች ብዙዎቹ ፊትን «ጽዱ» ለማስመሰል የብርቱካን ቀለም ሳቹሬሽንን (ድምቀትን) ይቀንሳሉ። የእኛ የጠይም ፊት ቀለም በአብዛኛው የሚያርፈው እዚያው ብርቱካን ውስጥ ስለሆነ፣ ያ ሲቀነስ ፊቱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ችግሩ አዲስም አይደለም፦ ኮዳክ ለፎቶ ላቦራቶሪዎች ያድለው በነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ለአሥርተ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ስለዚህ የጠይም ፊት ቁጥር ከውጭ በጥቅል አይገዛም፤ የፎቶውን ሰው ፊት እያዩ በእጅ የሚፈለግ ነው።

የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ በሞላበት ፎቶ ደግሞ ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃን የበዛ ስለሚመስለው ፎቶውን ያጨልመዋል፤ የሚጨልመውም ፊቱ ነው። ጀማሪው ታዲያ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን) በጠቅላላ ከፍ ያደርግና ፊቱን ሲያድን ነጠላው ወደ ባዶ ወረቀትነት ይለወጣል፣ ጥበቡም ይጠፋል። መደረግ ያለበት ፊቱን ብቻ ማስክ አድርጎ (ከሌላው ለይቶ መርጦ) እርሱን በጥቂቱ ማብራት ነው። ተራ ፕሪሴት ፊቱ የት እንዳለ አያውቅም።

ስለዚህ ከአማተሮች እርዳታ የምትፈልግ ከሆነ ውጤታቸውን ሳይሆን አካሄዳቸውን ጠይቅ። ያልተነካውን ፎቶ ላክ፤ ቴሌግራም ላይ በ«ፎቶ» በኩል ከላክኸው ይጨመቃል፣ ካሜራው የመዘገባቸው አይኤስኦውና የሻተር ፍጥነቱም (የብርሃን ቅንብሮቹ) አብረው ይጠፋሉ፤ በ«ፋይል» በኩል ላከው። ምን ማግኘት ፈልገህ እንደነበር፣ እስካሁን ምን እንደነካህና የት ላይ እንደተቸገርህ ጻፍ። «አስተካክሉልኝ» ብለህ የተስተካከለ ፎቶ ብትቀበል ያተረፍኸው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ የሠራው ሰው ፋይሉን ከነሌየሩ (እያንዳንዱ ማስተካከያ ለብቻው ከተቀመጠበት ንብርብር ጋር) ቢልክልህ ግን እያንዳንዱን ሌየር እያጠፋህና እያበራህ ምን እንደሠራ ታያለህ፣ ከዚያም በራስህ ፎቶ ላይ ከባዶ ትደግመዋለህ። ሦስት ሰዎች ሦስት የማይገናኙ ምክሮች ቢሰጡህ አትደናገር። ነጩ ተቃጥሏል (ብርሃን በዝቶበት ዝርዝሩ ጠፍቷል) የሚለው በሂስቶግራም፣ ማለትም በፎቶው የብርሃን ስርጭት ግራፍ፣ የሚረጋገጥ ነው፤ ትንሽ ሞቅ ይበል የሚለው ግን የሰውየው ምርጫ ነው። ሁለቱን ለይተህ ስማ።

ያን ወጣት እንዲህ አድርገህ ላክ ብዬው ያልተነካውን ሁሉ ሲልክ፣ ግማሾቹ ፎቶዎች ጄፔግ (የተጨመቀው የተለመደ የፎቶ ፋይል) ብቻ ሆነው ተገኙ። «ኤዲተር የተቃጠለውንም ይመልሰዋል» ብሎ ያምን ነበር። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን እርከኖች ብቻ አሉት፤ ባለ 14 ቢት ሮው ግን 16,384 አለው። በጄፔግ የመጨረሻው እርከን ላይ (ከ0 ሲቆጠር 255) የደረሰ ነጭ ውስጡ ምንም የለም፤ የሌለ ነገር ደግሞ አይመለስም። የተንቀጠቀጠ ፎቶም ሻርፕ በማድረግ አይስተካከልም፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እናጠራዋለን የሚሉት መተግበሪያዎች የሚሰጡህ እናትህን የማትመስል ጥርት ያለች ሴትዮ ነው።

«ዲፒአዩን (በአንድ ኢንች የሚታተሙትን ነጥቦች ቁጥር) 300 ካደረግሁት ጥራቱ ይጨምራል» ለሚሉ፦ ቁጥሩን ብቻ መቀየር አንድም ፒክስል አይጨምርም። ለ10 በ15 ሳንቲሜትር ህትመት 1,200 በ1,800 ፒክስል ገደማ ካለህ ይበቃሃል።

የመጨረሻው «ስክሪን ላይ ያማረ ፎቶ ሲታጠብም ያምራል» የሚለው ነው፤ በዚህኛው እኔም ወድቄበታለሁ። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት የአንድ ሕፃን ክርስትና 40 ፎቶዎችን ሌሊት፣ መብራት አጥፍቼ፣ የስክሪኑን ብርሃን እስከ ጥግ ከፍቼ ሠራኋቸው። ስክሪኑ ራሱ የሚያበራ ሲሆን ወረቀት ግን የሚያንጸባርቀው የክፍሉን ብርሃን ብቻ በመሆኑ፣ ሲታጠቡ ሁሉም ጨልመው ወጡ። በራሴ ወጪ ድጋሚ አሳጠብሁ። ከዚያ ወዲህ የስክሪኔን ብርሃን ወደ ግማሽ አውርጄ፣ የክፍሉን መብራት አብርቼ እሠራለሁ፤ ሁሉንም ከማሳጠቤ በፊትም አንድ ናሙና አወጣለሁ። የጨለሙትን ፎቶዎች ልጥላቸው ስል የሕፃኑ አያት «አይጣሉም» ብለው ከአዲሶቹ ጋር ጠቅልለው ወሰዷቸው።