«የፈረንጅ ሃይማኖት» ከሚሉኝ ጀምሮ፦ ስለ ካቶሊክ እምነቴ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካቶሊክ መሆኔን የሚያውቁ ጎረቤቶቼና የሥራ ባልደረቦቼ ከሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አብዛኛው አስቀድሞ የተበየነ ፍርድ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊኮች ከኢትዮጵያ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበርን፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ስለ እኛ የሚያውቀው ሌላ ሰው የነገረውን ነው፣ ይህንንም እንደ ክፋት አልቆጥረውም። ከዚህ በታች ደጋግመው የሚገጥሙኝን አመለካከቶች አንስቼ፣ እግረ መንገዴንም በዚህች ቤተ ክርስቲያን ለምን እንደምኖር እናገራለሁ። ከቆጠራው በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ካቶሊክ የፈረንጅ ሃይማኖት ነው»

አባቴ ሲያርፍ የተቀበረው በካቶሊክ ሥርዓት ነበር። የዕድራችን አባላት በአብዛኛው ኦርቶዶክሳውያን ስለሆኑ አንዳንዶቹ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ደጃፉ ላይ ጫማ ይወልቅ አይወልቅ እንደሆነ እርስ በርስ እየተያዩ ሲያመነቱ አይቻለሁ። ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐቱን በግእዝ ጀመሩ፤ ዲያቆኑ «ጸልዩ» ባለ ጊዜ ጎረቤታችን እማማ «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ከምእመናኑ ጋር በቃላቸው ተቀበሉ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ይኼማ የእኛው ነው፤ እኔ በፈረንጅ አፍ መስሎኝ ነበር እኮ» አሉኝ።

እማማ በትክክል ሰምተዋል። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ማለት የላቲን ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለችም፤ ከላቲኗ ጋር 23 የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የየራሳቸውን ሥርዓተ አምልኮ፣ ሕግና አስተዳደር ይዘው ከሮም መንበር ጋር በአንድነት የሚኖሩባት ናት። የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከእነዚህ አንዷ ስትሆን፣ በአዲስ አበባ፣ በዓዲግራት፣ በእምድብር እና በባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከቶቿ የምትቀድሰው በግእዝ ሥርዓት ነው። በደቡብና በምዕራብ፣ ለምሳሌ በሶዶ፣ በሐዋሳና በነቀምት፣ ያሉት ሐዋርያዊ ቪካርያቶች (ገና ሙሉ ሀገረ ስብከት ያልሆኑ የቤተ ክርስቲያን ክልሎች) ግን የላቲንን ሥርዓት ይከተላሉ፤ ስለዚህ ሶዶ ሄዶ ሌላ ዓይነት ቅዳሴ አየሁ የሚል ሰው አልተሳሳተም። ግንኙነቱም የትናንት አይደለም፤ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ እስከ ዛሬ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከአገራችን በእግርና በመርከብ የመጡ መነኮሳት ያርፉበት የነበረው ይህ ስፍራ በ1919 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 15ኛ ላቋቋሙት የኢትዮጵያ ኮሌጅ መነሻ ሆኗል።

ግእዙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደ እማማ ቤተ ክርስቲያን ብሄድም የሚጎድለኝ አልነበረም። የእኔ ምክንያት ከዚያ ትንሽ ይሰፋል። እኅቴ ለሥራ ቤይሩት በነበረችባቸው ዓመታት እሑድ እሑድ ፈቃድ ስታገኝ በአቅራቢያዋ ወዳለው የማሮናውያን ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር። ማሮናውያን ከሮም ጋር አንድነት ያላቸው የምሥራቅ ካቶሊኮች ናቸው፤ ቅዳሴያቸው በዐረብኛና በሱርስት ነው፣ እርሷም ያኔ አንዱንም አታውቅም። ቢሆንም ማን ነሽ ሳትባል ከአሠሪዎቿ ጎረቤቶች ጋር ተሰልፋ ቅዱስ ቁርባን ትቀበል ነበር። በሳምንቱ ሌሎች ቀናት በስሟ የሚጠራት ሰው እንኳ በሌለበት አገር፣ በዚያች አንድ ሰዓት ግን እንግዳ አልነበረችም። በአያቶቼ ቋንቋ እየጸለይኩ የእኅቴ ማዕድ ቤይሩትም መኖሩን ማወቄ ከያዙኝ ነገሮች ዋነኛው ነው።

«በስንዴና በትምህርት ቤት የተገዛ እምነት ነው»

በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ልጆች አብዛኞቹ ካቶሊክ አይደሉም፤ በክሊኒኮቹም ሃይማኖቱን የሚጠየቅ ሕመምተኛ የለም። ስንዴ ሰውን ካቶሊክ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ከነዚህ ሁሉ ዓመታት በኋላ 0.7 በመቶ ላይ ባልቆምን ነበር።

ከስሌቱ ይልቅ ግን አንድ ሰው ላንሣ። አባ ገብረ ሚካኤል የጎጃም ሰው ናቸው፤ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ተወልደው የመነኮሱ፣ መጻሕፍትንና ሊቃውንትን ፍለጋ ከገዳም ገዳም የዞሩ ኦርቶዶክሳዊ መነኩሴ ነበሩ። በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ካይሮ ከተጓዙት መልእክተኞች አንዱ ሆነው ሄዱ፤ ከመልእክተኞቹ ጋር የተጓዘውን የላዛሪስት ሚስዮናውያን ማኅበር ካህን ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስን ያወቁትም በዚሁ ዘመን ነው። ለዓመታት ከተከራከሩና ካሰላሰሉ በኋላ በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 ቅስና ተቀበሉ። ያተረፉት እስርና ሰንሰለት ነበር። እምነታቸውን እንዲተዉ ቢጠየቁም እንቢ ብለው፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ ነሐሴ 1855 በእስር እንደተንገላቱ አረፉ፤ በ1926 ብፁዕ ተብለዋል። ስለ ስንዴ ሲወራ የምመልሰው የእርሳቸውን ታሪክ ነው።

«በሰይፍ የመጣ ሃይማኖት ነው»

ይህን ክስ ልክ እንደሌሎቹ «ስሕተት ነው» ብዬ ላልፈው አልችልም፤ ግማሹ እውነት ነው። በ1603 ወደ አገራችን የገባው የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ቋንቋውን ተምሮ፣ በትዕግሥት ተከራክሮ፣ ዐፄ ሱስንዮስን አሳመነ፤ ንጉሡ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ሲገልጡ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። በ1625 በእርሱ ፈንታ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ የቀዳሚት ሰንበት መከበሯ ይቅር፣ ግዝረት ይቁም፣ ቅዳሴው ወደ ላቲን ይጠጋ አለ። አገሩ በአመፅ ተናጠ፤ በሺህ የሚቆጠር ገበሬ ከወደቀበት ከወይና ደጋው ጦርነት በኋላ፣ በ1632፣ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ይህን የሚክድ ካቶሊክ ካለ ታሪክ አላነበበም። በ1935ቱ ወረራ ጊዜም የሚላኑን ካርዲናል ሹስተርን ጨምሮ ከጣሊያን ጳጳሳት ብዙዎቹ ጦርነቱን በአደባባይ መደገፋቸው ሐቅ ነው፤ እኔም በዚህ አፍራለሁ።

ስሕተቱ ያለው ሜንዴስን የካቶሊክነት መለኪያ አድርጎ እዚያው ላይ በማቆም ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1839፣ ዓድዋ የደረሰው ደ ያዕቆቢስ የሜንዴስን መንገድ ገልብጦ ሄደበት። እንደ አገሬው መነኩሴ ለብሶ፣ እንደ አገሬው ጾሞ፣ የግእዙን ሥርዓት ሳይነካ ጠብቆ፣ የአገሩን ልጆች ካህናት አደረገ፤ ሕዝቡም «አቡነ ያዕቆብ» አለው። በ1849 ምፅዋ ላይ ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጳጳስ አቡነ ማስያስ ጵጵስና ቀቡት፤ ከዚያ ወዲያ ኑሮው ስደት ሆነ። ሐምሌ 31 ቀን 1860፣ ከባሕሩ ዳር ወደ ሐላይ ደጋ ሲያቀና በመንገድ ላይ በሙቀትና በሕመም አረፈ፤ በ1975 ቅዱስ ተባለ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም መጋቢት 12 ቀን 2000 በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ፣ እውነትን እናገለግላለን ብለው ኃይል የተጠቀሙ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ስለሠሩት ኃጢአት በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። ኃጢአት ያልሠራች ቤተ ክርስቲያን አልፈለግሁም፤ የትም አላገኛትም ነበር።

«ክርስቶስን ለሁለት ይከፍላሉ»

በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ «ልዮን» የሚለው ስም ከባድ ትዝታ አለው፤ በ451 ክርስቶስ በሁለት ባሕርይ ይታወቃል ባለው በኬልቄዶን ጉባኤ መልእክቱ የተነበበው የሮሙ ጳጳስ እርሱ ነውና። ከግንቦት 2025 ወዲህ ደግሞ የሮም መንበር ላይ የተቀመጡት ልዮን 14ኛ ስለሆኑ፣ በቅዳሴያችን ይኸው ስም በየሳምንቱ ይነሣል፤ አንድ ኦርቶዶክሳዊ ወዳጄ ይህን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ነበር።

ኬልቄዶን ያለው ግን አንዱ ክርስቶስ በመለኮትና በትስብእት ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መከፋፈል፣ ያለ መለያየት ይታወቃል ነው። ካህኑ ከቁርባን በፊት «አአምን፣ አአምን፣ አአምን» ብሎ «መለኮቱ ከትስብእቱ ለአንዲት ሰዓት፣ እንደ ዓይን ጥቅሻም ያህል አልተለየም» ሲል እኛም በግእዝ የምንሰማው ይህንኑ ነው። በ1973 ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ በአንድ ሰነድ ላይ ስለ ክርስቶስ ያላቸውን የጋራ እምነት ፈርመዋል፤ አቡነ ጳውሎስ በ1993፣ አቡነ ማትያስ በ2016 ሮም ሄደው ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር ተገናኝተዋል። ልዩነቱ አበቃ ማለቴ አይደለም፤ ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን ኬልቄዶንን አልተቀበለችም፣ የሮም ጳጳስ ሥልጣንም ዛሬም ያከራክራል። «ክርስቶስን ይከፍላሉ» የሚለው ክስ ግን እኛ የምናምነውን አይገልጽም።

«ማርያምን ያመልካሉ»

ይህን የሚሉኝ ፕሮቴስታንት ወዳጆቼ ናቸው። በዚሁ አገር ግን በሱስንዮስ ዘመንና ከዚያም በኋላ ካቶሊኮች የተሰደቡበት ስም «ፀረ ማርያም» የሚል ነበር፤ ሁለቱ ክሶች ተገናኝተው ቢከራከሩ እኔ ባልገባበት ደስ ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን ለእግዚአብሔር ብቻ በሚገባው አምልኮና ለቅዱሳን በሚሰጠው ክብር መካከል ያለውን ልዩነት በ787 በሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ ወስናለች። አያቴ በመቁጠሪያዋ «ሰላም ለኪ» ስትል፣ በእያንዳንዱ መጨረሻ «ለምኝልን» ትል ነበር፤ የሚመለክ ደግሞ ይለመናል እንጂ ለምንልን አይባልም።

«መጽሐፍ ቅዱስ እንዳይነበብ ይከለክላሉ» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው የግእዝ ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 ሮም ላይ የወጣ ሲሆን፣ ያዘጋጀውም በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ ያረፈው የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን ነበር።

«ጳጳሱ አይሳሳትም፤ ኃጢአትም በገንዘብ ይሰረዛል»

በ1870 የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ የደነገገው፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የመላ ቤተ ክርስቲያን እረኛና መምህር ሆኖ የእምነት ወይም የሥነ ምግባር ትምህርት በይፋ ሲወስን ከስሕተት ይጠበቃል የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ በግልጽ የተሠራበት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1950 ስለ እመቤታችን ዕርገት ነው። ስለ ፖለቲካ፣ ስለ አየር ንብረት ወይም ስለ እግር ኳስ የሚናገረው እንደ ማንኛውም ሰው ሊሳሳት ይችላል። ኃጢአትም ይሠራል፤ ፍራንቸስኮስ መጋቢት 28 ቀን 2014 በባዚሊካው ውስጥ በሕዝብ ፊት ተንበርክከው ለአንድ ተራ ካህን ሲናዘዙ በፎቶግራፍ ታይተዋል።

ስለ ገንዘቡም፣ በሉተር ዘመን ሥርየትን ከመዋጮ ጋር ማያያዝ አሳፋሪ ብልሹነት ነበር፤ ፒዮስ 5ኛ በ1567 ከገንዘብ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ሰርዘውታል። ኑዛዜ ዛሬ ክፍያ የለውም፤ ካህኑ የሰማውን በቀጥታ ቢያወጣ ይወገዛል።

አንድ ባልደረባዬ «ታዲያ ስንት ከፈልክ?» ብሎ የጠየቀኝ ጊዜ ነበር። በአባቴ ቤት ውርስ የተነሣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሁለት ዓመት ተኮራርፈን ነበርና፣ በዚያ ሰሞን ይህንኑ ተናዝዤ ነበር። አባ እስከ መጨረሻው ሰምተው «ወንድምህ የት ነው የሚኖረው?» አሉኝ። ጎተራ አልኩ። ሃምሳ ስግደት ያዙኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ ቁርባን ከመቅረቤ በፊት ጎተራ እንድሄድ አዘዙኝ። ገንዘብ ቢሆን በስንት ጣዕሙ፣ አልኩ በልቤ። ቅዳሜ ጠዋት ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ የወንድሜ ትንሿ ልጅ ነበረች፤ አላወቀችኝም። ቁርባን የተቀበልኩት በሁለተኛው እሑድ ነው።