ጉልበቱ የሚከዳው ሰው ኦፕራሲዮን ሲባል የሚሰማቸው ስህተቶች

ጠዋት ጠዋት በጤና ቡድን ኳስ እጫወታለሁ። ከመካከላችን ጉልበቱን በፋሻ ያላሰረ ጥቂት ነው። አንዱ ጓደኛችን 44 ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ ጉልበቱ ዞሮበት "ቋ" ሲል ሰምቷል። አበጠ፣ ታሸ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ተረሳ። ዛሬ ደረጃ ሲወርድ ይከዳዋል። ማታ ማታ በውስጥ በኩል ይጠዘጥዘዋል። እግሩም እንደ ቀስት ጎብጧል። በእሱ ምክንያት ብዙ ምክር ሰማሁ፤ አብዛኛው ስህተት ነው።

"የሚከድህ ስላረጀ ነው"

ሕመምም ጉልበትን ሊያስከዳ ይችላል። እንደ እሱ ዓይነቱ ጉዳት ላይ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው በጉልበት ውስጥ ያለው የፊት መስቀለኛ ጅማት ነው። ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ጨርሶ ከተበጠሰ በማሸት አይቀጠልም። ጉልበቱ በተንሸራተተ ቁጥር በውስጡ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ ይጎዳል፤ ዓመታት ሲያልፉ አርትራይተስ፣ ማለትም የመገጣጠሚያ መበላት፣ ይመጣል።

"ጅማቱ ከተቀጠለ በቃ"

ይኼኛው ያሳስበኛል፤ ሰው ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን የሚሆነው በዚህ ነውና። ቀጥ ባለ እግር ላይ እንኳ ጉልበት ከሚሸከመው ክብደት ከግማሽ በላዩ የሚያርፈው በውስጠኛ ጎኑ ነው። እግር ሲጎብጥ ጫናው የባሰ ወደዚያው ይሄዳል። የጓደኛዬን እግር ከሐኪም ቀድሞ ያየው ጫማ የሚያድስለት ልጅ ነው። "ጋሼ፣ ጫማህ ሁሌ በውጭ ጎኑ ነው የሚበላው" ይለው ነበር። ተረከዙን ቢቀይርለትም ያው ጎን መልሶ ይበላል። ጅማቱም እንዲሁ ነው። በጎበጠ እግር ላይ የገባ አዲስ ጅማት በየእርምጃው እየተወጠረ ሊላላ ወይም ሊበጠስ ይችላል።

ስለዚህ እግሩ ራሱ ይቃናል። ሐኪሙ ቅልጥሙን ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውስጥ በኩል ይቆርጠዋል። በውጭ በኩል ግን ጥቂት አጥንት እንደ ማጠፊያ ይተዋል። ከዚያ ቁርጡን በሚሊሜትር እየለካ ይከፍትና በብረትና በብሎን ያስረዋል። ክብደቱ ወዳልተበላው ጎን ይሸጋገራል። የቅልጥሙ አናት ከፊት ወደ ኋላ በጣም ካዘቀዘቀም በዚያው ቁርጥ ሊስተካከል ይችላል፤ መንሸራተቱም ይቀንሳል። ጅማቱ አብሮ ይሠራል ወይም በሌላ ቀጠሮ ይቆያል። አንዳንዱ ሰው እግሩ ሲቃና ብቻ ይበቃዋል።

"ኤምአርአይ ተነስቻለሁ፣ ሁሉም ታይቷል"

ኤምአርአይ የምንነሳው ተኝተን ነው። የእግርን መጉበጥ የሚያሳየው ቆሞ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚነሳ ረጅም ራጅ ነው። ለጓደኛዬ ሐኪሙ ፊልሙ ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ ከዳሌው እስከ ቁርጭምጭሚቱ መስመር አሰመረ። መስመሩ በጉልበቱ መሀል ማለፍ ሲገባው በውስጥ ጫፉ በኩል አለፈ። ካላዘዙላችሁ ጠይቁ።

"በካሜራ ገብተው ይጠቡልህ"

በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የጉልበትን ውስጥ ማጠብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ የተደረገ ጥናት ይህን ፈትኗል። አርትራይተስ ካለባቸው 180 ሰዎች ከፊሎቹ ቆዳቸው ብቻ ተበጥቶ ተሰፋ። በሁለት ዓመት ውስጥ የእነዚህ ሰዎች ሁኔታ ጉልበታቸው በእርግጥ ከታጠበላቸው ሕመምተኞች አልባሰም።

"ዞሮ ዞሮ መቀየሩ ላይቀር፣ አሁኑኑ ይቀየር"

ሰው ሠራሽ ጉልበት ለአረጋውያን ትልቅ በረከት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የብሪታንያ ጥናት በ50ዎቹ መጀመሪያ ጉልበታቸውን ካስቀየሩ ወንዶች 35 በመቶ ያህሉ በሕይወታቸው ዳግም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋቸው እንደሚችል ገምቷል። ከ70 ዓመት በላይ ላሉት 5 በመቶ አካባቢ ነው። የተበላው አንድ ጎን ብቻ ከሆነና ሰውየው ገና የሚሮጥ ከሆነ፣ የራሱን ጉልበት ማቃናት መጀመሪያ ሊታሰብ ይገባል።

"አጥንት ከተቆረጠ ስፖርት የለም"

ለሳምንታት ክራንች አለ። አጥንቱ እስኪገጥም ወራት ይወስዳል፤ የጭን ጡንቻ ልምምዱም አድካሚ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ወደ ሥራና ወደ ስፖርት ይመለሳሉ፤ እንደ ኳስ ያለ መጠምዘዝ የበዛበት ጨዋታ ግን ለሁሉም አይፈቀድም። ሲጋራ የአጥንቱን መግጠም ያዘገያል። ጓደኛዬ የኦፕራሲዮን ቀጠሮው ሳይደርስ ሲጋራውን ትቷል። ጠዋት ሜዳው ዳር ይቆምና ኳስ ስትወጣ በደህናው እግሩ ይመልስልናል።