ኤምፒ ፎር ላይ ቪዲዮ ማየት ምን ይጠቅም ነበር?

በኪስ የሚያዝ ቪዲዮ ማጫወቻ ስማርት ስልክ ሁሉም እጅ ከመግባቱ በፊት የነበረ ዕቃ ነው፣ እኛ ሰፈር የአፕል አይፖድም ይሁን የቻይና ሁሉንም በጅምላ ኤምፒ ፎር ነበር የምንለው። ከቀዳሚዎቹ አንዱ የፈረንሳዩ አርኮስ በፈረንጆች 2002 ያወጣው ጁክቦክስ መልቲሚዲያ ነው፣ 20 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ይዞ ስክሪኑ ግን 1.5 ኢንች ብቻ። በ2004 መጨረሻ ሶኒ ፒኤስፒን ጃፓን ላይ አወጣ፣ ለጌም ነው የተሰራው ግን በ4.3 ኢንች ስክሪኑ ፊልምም ያሳያል፣ ኦክቶበር 2005 ላይ ደግሞ ቪዲዮ የሚያጫውተው አይፖድ መጣ።

ሰው ሁሌ የሚለው "በዚች ስክሪን ምን ይታያል?" ነው። እስቲ እናስላው፣ የአይፖዱ ስክሪን 2.5 ኢንች ነው፣ 30 ሳንቲሜትር አርቀህ ብትይዘው ሶስት ሜትር ላይ ካለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን እንደውም ትንሽ ተለቅ ብሎ ነው ለዓይንህ የሚታየው። ችግሩ ስፋቱ አይደለም፣ እጅ ይደክማል፣ ፀሐይ ካለ ደግሞ የራስህን ፊት ነው የምታየው። እኔ ወደ ደሴ ስሄድ ጋቢ ተከናንቤ ነበር የማየው፣ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ አንዱን ኤርፎን ወስዶ ጭንቅላታችንን አንድ ጋቢ ውስጥ ከተን ክሊፕ እያየን ሄድን፣ ደብረ ሲና ሳንደርስ ባትሪው ጥርቅም አለ።

ባትሪ ነገር ዋናው ጣጣ ነው። ባለ 30 ጊጋው አይፖድ ሲወጣ ሙዚቃ እስከ 14 ሰዓት ቪዲዮ ግን እስከ 2 ሰዓት ብቻ ነው የተባለለት፣ ምክንያቱም ሃርድ ዲስኩ ብዙ ዘፈን አንዴ ወደ ሚሞሪው (ለጊዜው ብቻ ወደሚይዘው ትንሽ ማከማቻ) ገልብጦ ቁጭ ይላል፣ ቪዲዮ ሲሆን ግን ሚሞሪው ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅ ዲስኩ ደጋግሞ ይሽከረከራል የስክሪኑ መብራትም አይጠፋም። ስለዚህ ረጅም ፊልም ለማየት ብሎ የገዛ ሰው ተሸውዷል ባይ ነኝ፣ አጫጭር ነገር ለሚያይ ነው የሚሆነው፣ ክሊፕ፣ ኮሜዲ፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት (አንድን ቃል አስር ጊዜ ወደኋላ መልሰህ ስትሰማ ማንም አይቆጣህም፣ ሳሎን ቴሌቪዥን ላይ ሞክረው እስቲ)።

የቻይናዎቹ ርካሽ ነበሩ ግን ስማቸው ራሱ ቀልድ ነው፣ ኤምፒ ፎር ተብለው ኤምፒ ፎር የሚባለውን የቪዲዮ ፋይል ዓይነት የማይከፍቱ ሞልተዋል፣ ኤምፒ ፋይቭ የሚባለው ደግሞ የነጋዴ ስም እንጂ እንደዛ የሚባል ስታንዳርድ የለም። ብዙዎቹ ኤኤምቪ የሚባል ፎርማት ነው የሚፈልጉት። ቺፓቸው ደካማ ስለሆነ ኤኤምቪ እያንዳንዱን ምስል እንደ ፎቶ ለየብቻ ነው የሚጨምቀው፣ ለቺፑ ይቀለዋል፣ ግን ለዛች ጥራት ፋይሉ ይተልቃል፣ እንቅስቃሴውም ቆረጥ ቆረጥ ይላል። ዕቃው ሲገዛ አብሮት በሚመጣው ሲዲ ላይ ኮንቨርተር አለ፣ እሱን ኮምፒውተር ላይ ጭነህ ቪዲዮውን ትቀይራለህ፣ በዛን ጊዜ ኮምፒውተር አንድ ፊልም ለመቀየር ረጅም ሰዓት ይፈጃል፣ መሀል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከሀ። ኮምፒውተር የሌለው ሚሞሪውን ሱቅ ወስዶ ያስሞላል። እኔም አንዴ አንድ ሱቅ ከፍዬ አስሞልቼ ቤት ስገባ ከሞላው ግማሹ "ፎርማት ኤረር" እያለ አልከፍትም አለኝ፣ ስመለስ ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ያንተ ዕቃ ነው የማይችለው"፣ እውነቱን ነው ለነገሩ፣ ሳይቀይር እንዳለ ገልብጦታል።

ኢንተርኔት አለመፈለጉ ግን ትልቅ ጥቅም ነበር፣ አንዴ ከተሞላ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ግድ አይሰጠውም፣ በመሀል የሚደውልብህም የለም። አፕል ባለ ሃርድ ዲስኩን አይፖድ በ2014፣ የመጨረሻውን አይፖድ ተችን ደግሞ በ2022 አቁሞታል። የኔ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ቻርጅ ላይ ካልተሰካ አይበራም እንጂ ክሊፖቹ እንዳሉ ናቸው።